ሚረርለስ ካሜራን ከነኪት ሌንሱ ከመግዛት በፊት እንዴት እንፈትሽ?

በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡት ሚረርለስ ካሜራዎች (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው፣ ሌንሳቸው የሚቀያየር) በቦዲያቸው፣ ማለትም ያለ ሌንሱ በካሜራው አካል፣ ብዙም አይራራቁም። ሶኒ አልፋ 6400 (2019)፣ ኒኮን ዜድ50 (2019)፣ ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ30 ማርክ 2 (2021) እና ካኖን ኢኦኤስ አር50 (2023) ሁሉም ኤፒኤስ-ሲ ሰንሰር (ከሙሉ ፍሬም የሚያንስ፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርግ ክፍል) አላቸው፤ ከ21 እስከ 26 ሜጋፒክስል ድረስ ያነሳሉ። ውጭ በፀሐይ የተነሱ ፎቶዎቻቸውን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የትኛው የየትኛው እንደሆነ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። ልዩነቱ የሚወጣው አብሮ በሚመጣው (ኪት) ሌንስና ብርሃን በሚያንስበት ክፍል ውስጥ ነው። የፍተሻ ጊዜያችሁንም አብዛኛውን ለእነዚህ ሁለቱ ስጡት።

ይህ አሠራር ለአዲስም ላገለገለም ዕቃ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ ቤት ውስጥ አንድ ምሽት ይበቃል። ሻጩ ቤት ወስዳችሁ እንድትሞክሩ ባይፈቅድ እንኳ እስከ መቼ መመለስ እንደምትችሉ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። ይህንንም እምቢ ካለ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጋችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትኑት።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የራሳችሁ ኤስዲ ካርድ (64 ጊጋባይት፣ ፊቱ ላይ ዩ3 ወይም ቪ30 የሚል የፍጥነት ምልክት ያለው)፣ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ የሚሰካ ካርድ ሪደር፣ ባትሪ ያለው ስልክ (መብራቱ ያስፈልጋል)፣ አራት አምስት ገጽ ጋዜጣ፣ ፕላስተር። በካሜራው ስክሪን ላይ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉም ፎቶ ጥርት ያለ ይመስላል።

ደረጃ 1፦ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ሌንሱን በቁጥር አወዳድሩ

ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ፤ ሌንሱ ምን ያህል ሰፊ እንደሚያይ፣ ዙም ሲደረግ ደግሞ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) የት እንደሚደርስ። የሶኒው ኪት 16-50 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ50 ላይ ኤፍ 5.6 ይሆናል። የኒኮኑ 16-50 እና የካኖኑ 18-45 መጨረሻቸው ላይ ኤፍ 6.3 ናቸው። የፉጂፊልሙ ኤክስኤፍ 18-55 ግን ኤፍ 4 ላይ ይቆማል። ኤፍ 4 ከኤፍ 6.3 ይልቅ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል፤ ይህ ደግሞ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን፤ ሲጨምር ፎቶው ይሸክራል) 6400 የሚጠይቀውን ክፍል ወደ 2500 ያወርደዋል። ፉጂፊልም ርካሽ የሆነውን 15-45ም በኪት ስለሚሸጥ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ስፋቱም እንዲሁ ነው። በሶኒና በኒኮን ላይ 16 ሚሊ ሜትር በሙሉ ፍሬም (በትልቁ ሰንሰር) ሚዛን 24 ያህል ነው፤ የካኖኑ 18 ደግሞ ወደ 29 ይጠጋል። ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሲነሳ ግን ዳር የቆሙትን ሁለት ሰዎች የሚያስገባውም የሚያስቀረውም ይኸው ነው።

ርካሽ ስለሆነ ካኖን ኤም50 (2018) ለመግዛት ለምታስቡ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ካኖን የኤም ሌንሶችን መስመር አቁሟል፤ እነዚያ ሌንሶችም በአዲሶቹ የአር ካሜራዎች ላይ አይገቡም፣ የሚያገናኝ አዳፕተርም የለም። ኤም50 በ4ኬ ሲቀርጽ ምስሉን በጣም ይቆርጠዋል፣ ጥሩ የሚባለው ፎከሱም በዚያው ይቀራል። ለፎቶ ብቻ ከሆነና በዋጋ ከተስማማችሁ ያገለግላል፤ አብሮ ሊያድግ የሚችል ኪት ግን አይደለም።

ደረጃ 2፦ ቦዲውን ከውጭ መርምሩ

1. ካሜራውን አብሩና ሜኑው በምን ቋንቋ እንደሆነ እዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ጃፓንኛ ብቻ ናቸው፤ ቋንቋ መቀየሪያው ራሱ የላቸውም። በዱባይ ወይም በሻንጣ የሚገባ ዕቃ ስትገዙ ሳትጠይቁ አትለፉት።
2. ቦዲው ሥር ያለውን መለያ ቁጥር ከሳጥኑና ከዋስትና ወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ዋስትናው በየትኛው አገር እንደሚሠራም አንብቡ።
3. ሌንሱን ነቅላችሁ የብረት ቀለበቱን እዩ። ያልተመጣጠነ ፍግፍግታ ወይም የላላ ብሎን ካለ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የወርቅ ቀለም ያላቸው መገናኛዎች ንጹሕ መሆን አለባቸው።
4. የዩኤስቢ ቀዳዳው ላይ ኬብል ሰክታችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ። የአልፋ 6400 ቀዳዳ የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው፤ ቻርጅ የሚደረገውም በዚያው ስለሆነ ያገለገለ ካሜራ ላይ ቶሎ የሚላላ ክፍል ነው።
5. ቁልፎቹንና ጎማዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሩ፤ ስክሪኑን እስከ መጨረሻው አዙሩት። ሲዞር ምስሉ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ውስጥ ያለው ሪባን ኬብል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።
6. ፍላሽ ለመጠቀም ካሰባችሁ ፍላሹን ይዛችሁ ሂዱና ሰክታችሁ ተኩሱት። የካኖን አር50 መሰኪያ አዲሱ ዓይነት ስለሆነ የቆዩ ፍላሾችና ትሪገሮች ያለ አዳፕተር አይሠሩበትም። ይህን ገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ ማወቅ ያናድዳል።

ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ለማወቅ የፋይሉን ስም አትመኑ፤ ከ9999 በኋላ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይቆጥራል፣ በሜኑም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ኒኮን ቁጥሩን በፎቶው ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከሶኒም የሮው (ካሜራው ያላቀነባበረውን) ፋይል የሚያነቡ ድረ ገጾች ያወጡታል። በካኖን ግን ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ይህ ቁጥር ከሚገባው በላይ የሚፈራ ይመስለናል፤ ስቱዲዮ ውስጥ 60 ሺህ የተኮሰ ካሜራ አቧራ ላይ 10 ሺህ ከተኮሰው ሊሻል ይችላል።

ደረጃ 3፦ ሰንሰሩ

ለአቧራ፦ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16፣ ፎከሱን በእጅ አድርጋችሁ ወደ ቅርብ አምጡትና ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ። እጃችሁ ቢንቀሳቀስ ችግር የለውም፤ አቧራው ያለው ሰንሰሩ ላይ ስለሆነ አይደበዝዝም። ላፕቶፕ ላይ ኮንትራስቱን ጨምራችሁ ስታዩ ጥቁር ክብ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ነጠብጣብ በእጅ ፓምፕ ይጸዳል። መስመር የሚመስል ነገር ካለና በፓምፕ ካልለቀቀ ጭረት ሊሆን ስለሚችል ተዉት።

ለተቃጠለ ፒክስል፦ ክዳኑን ሳታነሱ በአይኤስኦ 1600 አንድ ሰከንድ፣ ቀጥሎ አሥር ሰከንድ አንሱ። አሥር ሰከንዱ ላይ ጥቂት ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች መታየታቸው ያለ ነው። ክዳኑ እንደተከደነ በ1/60 ሰከንድ ሲነሳም የሚታይ ነጥብ ግን በቪዲዮ ሁሉ ላይ ይከተላችኋል።

ደረጃ 4፦ ሌንሱን በጋዜጣ ፈትኑ

በመጀመሪያ የስልካችሁን መብራት በሌንሱ ኋላ አስገብታችሁ በፊት ለፊት ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ሻጋታ ነው፤ እርጥበት ባለበት የቆየ ሌንስ ላይ ይበቅላል፣ አሠርቶ ማስጸዳቱም ከሌንሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን ፎቶ ላይ አይወጣም። የሶኒው 16-50 በሞተር የሚዘረጋ ስለሆነ ደጋግማችሁ አጥፉና አብሩት፤ ሲዘረጋ የሚንተባተብ ወይም ግማሽ ላይ የሚቆም ከሆነ ተዉት።

ከዚያ ዋናው ይመጣል። ርካሽ ኪት ሌንሶች ውስጥ ያሉት መስታወቶች ሁሌ መሃላቸውን ጠብቀው አይገጠሙም፤ አዲስ ሆኖም አንዱ ጎኑ የሚደበዝዝ ሌንስ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

1. ግድግዳ ላይ አምስት የጋዜጣ ገጽ በፕላስተር ለጥፉ፤ አንዱን መሃል፣ አራቱን በፍሬሙ አራት ማዕዘን።
2. ካሜራውን ትሪፖድ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑን ለማረጋገጥ መሃሉ ላይ ትንሽ የኪስ መስታወት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ ሌንሱ ራሱን በስክሪኑ መሃል ካየ ቀጥ ብሏል።
3. አይኤስኦ 100፣ የ2 ሰከንድ ታይመር፣ ፎከስ መሃል ላይ። በሰፊው ጫፍ፣ በመሃሉና በረጅሙ ጫፍ ላይ፣ እያንዳንዱን አንዴ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ አንዴ በኤፍ 8 አንሱ። ስድስት ፎቶ ይሆናል።
4. ላፕቶፕ ላይ 100 በመቶ አሳድጋችሁ አራቱን ማዕዘን አንብቡ።

የፊደላችን ቅርጽ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው ተራ ጽሑፍ «ሉ»ን ከ«ሊ» ካለየላችሁ ሌንሱ ደህና ነው። አራቱም ማዕዘን እኩል ለስለስ ካለ የሌንሱ ዓይነት ባሕርይ ነው፤ በኤፍ 8 ይሻሻላል። በተለይ የሶኒው በ16 ላይ ምስሉን በጣም ስለሚያጎብጠውና ካሜራው በሶፍትዌር ጎትቶ ስለሚያቃናው ማዕዘኑ መሳሳቱ አይቀርም። ሦስቱ ጥርት ብለው አንዱ ብቻ ከደበዘዘና በኤፍ 8ም ካልተስተካከለ ግን ሌንሱ ጉድለት አለበት።

ከመክሰሳችሁ በፊት ካሜራውን ገልብጣችሁ ድገሙት። ብዥታው ከካሜራው ጋር ዞሮ በተቃራኒው ማዕዘን ያለው ጋዜጣ ላይ ካረፈ ጥፋቱ የሌንሱ ነው። እዚያው ጋዜጣ ላይ ከቀረ ካሜራውን ያጣመማችሁት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 5፦ በጨለማ ክፍል

ማታ አንድ አምፖል ብቻ በበራበት ክፍል፣ ቡና በሚፈላበት ዓይነት ብርሃን፣ ሰው አስቀምጡ። ሌንሱን ወደ ረጅሙ ጫፍ ዙም አድርጉ፤ አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ክፍት፣ ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦው አውቶ ይሁን። የሚወጣውን ቁጥር ጻፉ። በኤፍ 5.6 አይኤስኦ 12800 ቢሆን አትደንግጡ፤ እንዲህ ባለ ክፍል የተለመደ ነው።

ኤፒኤስ-ሲ ሰንሰር እስከ 3200 ድረስ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። 6400 ለአልበም ይሆናል። 12800 ለስልክ ስክሪን ካልሆነ በስተቀር የፊት ቆዳን ሸካራ ያደርገዋል፤ በተለይ ጠይም ፊት ጥላ ያረፈበት ጎኑ ላይ ቀለሙ ይበላሻል። በዚያው ክፍል 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ብትገጥሙ አይኤስኦው ወደ 1250 ይወርዳል፤ የሚያስገባው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋልና። አቋማችን ይህ ነው፤ ማታ ቤት ውስጥ የምታነሱ ከሆነ ከአዲሱ ቦዲ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት የቀደመውን ገዝታችሁ በተረፈው አንድ ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 2 ሌንስ ጨምሩ። ለሶኒ 35 ሚሊ ኤፍ 1.8፣ ለካኖን አርኤፍ 50 ሚሊ ኤፍ 1.8፣ ለኒኮን 40 ሚሊ ኤፍ 2 እና ለፉጂፊልም 35 ሚሊ ኤፍ 2 አሉ።

ሻጮች «ስታብላይዘር አለው፣ ጨለማ አያስቸግረውም» ይላሉ። ስታብላይዘር የእናንተን እጅ እንጂ የተነሺውን እንቅስቃሴ አያቆምም። ዝም ብሎ ለተቀመጠ 1/60 ይበቃል፤ ለሚያወራ ሰው 1/125፣ እስክስታ ለሚወርድ 1/500።

ቀጥሎ ፎከሱ። ተከታታይ ፎከስና የዓይን መለያ በርቶ፣ ሸተሩ 1/250 ሆኖ፣ አንድ ሰው ከአምስት ሜትር ተነሥቶ በተለመደ እርምጃው ወደ እናንተ ይምጣ። በሰከንድ አምስት ያህል እየተኮሳችሁ 20 ፎቶ አንሱ። መጀመሪያ በቀን፣ ከዚያ በዚያው አምፖል ብርሃን። በቀን ከ20 ውስጥ 16 ዓይኑ ላይ ጥርት ካለ ጥሩ ነው፤ በማታ 12 ይበቃል።

የደበዘዘውን ስትቆጥሩ ምክንያቱን ለዩ። ፊቱ ደብዝዞ ጆሮው ወይም ኮሌታው ጥርት ካለ ፎከሱ ስቷል። ኋላ ያለው ግድግዳ ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ከተዘረጋ ሸተሩ ዘግይቷል። ፍሬሙ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ እጃችሁ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ነው የካሜራው ነጥብ የሚቀነስበት።

በመጨረሻም የመብራት መስመር። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሸተር አብርታችሁ በርካሽ ኤልኢዲ ሥር በ1/500 አንሱ፤ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ካያችሁ ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። ድምፅ አልባውን አጥፉ፣ ሸተሩንም 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ለ60 ኸርዝ ተስተካክሎ ሊሆን ስለሚችል የቪዲዮ ሥርዓቱን ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ቀይሩ፤ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር 1/50። አሜሪካ ላላችሁ ቁጥሩ 30 ፍሬምና 1/60 ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ነጠላና ፊት በአንድ ፍሬም

ለኛ ፎቶ ከዚህ የሚከብድ ፈተና የለም፤ በፀሐይ የነጣ ነጠላና ጠይም ፊት። ፍሬሙን ነጠላው ከሞላው ካሜራው ብርሃኑን ስለሚቀንስ ፊቱ ይጨልማል። ፊቱ ከሞላው ደግሞ ብርሃኑን ከፍ ያደርግና የነጠላው ክር ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል።

በመስኮት ብርሃን ነጠላ የለበሰ ሰው አቁሙ። ካሜራው ጥላን በራሱ የሚያነሳበትን ማስተካከያ ሁሉ አጥፉ፤ በሶኒ ዲአርኦ፣ በኒኮን አክቲቭ ዲ-ላይቲንግ ይባላል። በሮው ፋይል፣ ኤክስፖዠር ማካካሻውን (የፎቶውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) 0፣ -0.7፣ -1.3 እያደረጋችሁ ሦስት ፎቶ አንሱ። ላፕቶፕ ላይ የነጠላው ክር የሚታይበትን ፎቶ ምረጡና የፊቱን ጥላ ሁለት ስቶፕ (አራት እጥፍ ብርሃን) ከፍ አድርጉ። ፊቱ ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ብጫቂ ሳይወጣ ከተነሣላችሁ ሰንሰሩ ለሰርግና ለበዓል ይሆናችኋል። ጄፔግ ብቻ የምታነሱ ከሆነ ይህ ዕድል የላችሁም፤ ስለዚህ የካሜራውን የራሱን ቀለም አይታችሁ ምረጡ። በዚህ ረገድ ፉጂፊልምና ካኖን ብዙ ሰው ሳያርም የሚወዳቸውን ፊቶች ይሰጣሉ።

ደረጃ 7፦ ቪዲዮ፣ ባትሪ፣ ካርድ

ቪዲዮ ካስፈለጋችሁ ግማሽ ሰዓት በ4ኬ ያለማቋረጥ ቅረጹ። ኒኮን ዜድ50 30 ደቂቃ ሊሞላ ሲል ራሱ ይቆማል፤ ካኖን አር50 አንድ ሰዓት ይሄዳል። ሶኒው የጊዜ ገደብ የለውም፤ ነገር ግን ከሞቀ ያቆማል፣ ስለዚህ የሙቀት ማጥፊያውን በሜኑ ወደ ከፍተኛው አድርጉ። የማይክ መሰኪያ አራቱም ቢኖራቸውም አልፋ 6400 ራሱ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም።

ባትሪዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ አምራቾቹ የሚሰጡት በአንድ ቻርጅ ከ300 እስከ 400 ፎቶ ያህል ነው። ሞልታችሁ 100 ፎቶ አንሱና መቶኛው ስንት እንደወረደ እዩ። ከ60 በመቶ በድንገት ወደ 15 የሚዘል ባትሪ አርጅቷል ወይም አስመስሎ የተሠራ ነው። ለአንድ ቀን ሥራ ሁለት ባትሪ ግዙ። የሶኒው ሳጥን ለብቻው የሚሠራ ቻርጀር ስለሌለው እሱንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

ካርዱን በሙሉ ሞልታችሁ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ላፕቶፕ ላይ ክፈቱ። 64 የሚል ጽሑፍ ኖሮት ውስጡ 8 የሆነ ካርድ ገበያ ላይ አለ፤ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የቆየውን ያጠፋል። በሶኒው ከፍተኛ የ4ኬ ጥራት 64 ጊጋባይት ወደ 80 ደቂቃ ይይዛል፤ ዩ3 ያልሆነ ካርድ ላይ ያ ጥራት ጭራሽ አይሠራም።

የምትመልሱትና የምትደራደሩበት

አንድ ማዕዘኑ የሚደበዝዝ ሌንስ፣ ሻጋታ፣ የሚንተባተብ ሞተር፣ የሰንሰር ጭረት፣ የላላ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ መለያ ቁጥሩ የማይገጥም ቦዲ ሲገጥማችሁ መልሱ። ዋጋ ቢቀነስላችሁም አትውሰዱት፤ ጥገናው የተቀነሰላችሁን ይበላዋል።

የተፋቀ ቀለም፣ የጠፋ የቪውፋይንደር ጎማ፣ የደከመ ባትሪ፣ ሰንሰር ላይ ያለ አቧራ፣ የሌለ ሳጥን ዋጋ ማስቀነሻ ናቸው። ሌንሱ ብቻ ጉድለት ኖሮበት ቦዲው ከደረጃ 2 እና 3 ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ቦዲውን ለብቻው ጠይቁ፤ ሻጩ ኪት ሌንሱን ለሌላ ሰው ሊሸጠው ስለሚችል ብዙ ጊዜ ይስማማል፣ የተረፈውንም ወደዚያ ኤፍ 1.8 ሌንስ ታዞሩታላችሁ።